ቢግዶይ፦ የጣና ደንገል ኦስሎ ላይ

ኦስሎ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ካላችሁ ቢግዶይ ላይ አሳልፉት። ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ ፊዮርዱ (ወደ የብስ የገባው ጠባብ ባሕር) ውስጥ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በሞቃቱ ወራት ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ጀልባ ይነሣል፤ በብርዱ ወራት ጀልባው ስለማይሠራ ከብሔራዊ ቲያትር አውቶቡስ 30 ያዙ። ጀልባው ሁለት ማረፊያ አለው፦ ድሮኒንገን የቆዩ ቤቶች ለሚታዩበት ፎልክ ሙዚየም፣ ቢግዶይኔስ ደግሞ ለመርከብ ሙዚየሞቹ ይቀርባል። ተሳስቶ የወረደ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል በእግሩ ይሄዳል።

እኔ የምጀምረው ከቢግዶይኔስ፣ ከኮን-ቲኪ ሙዚየም ነው። ስሙን ያገኘው ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1947 እ.ኤ.አ. ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ዘጠኝ ግንድ አስሮ ከፔሩ እስከ ፖሊኔዥያ ደሴቶች ድረስ በ101 ቀን ከተጓዘባት ተንሳፋፊ ነው። ለእኛ ግን የቤቱ ዕንቁ «ራ ሁለት» የተባለችው የሄየርዳል የደንገል ጀልባ ናት፤ ደንገሏ የተቆረጠው ጣና ሐይቅ ላይ ነውና።

በ1969 የተነሣችው የመጀመሪያዋ ራም የጣና ደንገል ነበረች። የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ሠሯት፤ ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክ ማዶ ያለችው ባርባዶስ ደሴት ሳትደርስ ተተወች። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ የጀልባዋን ጅራት ወደ ወለሏ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል፤ ያ ገመድ ስላልነበራት ጅራቷ እየዘመመ ውሃ ገባበት። በቀጣዩ ዓመት አራት የአይማራ ሕዝብ ጀልባ ሠሪዎች ከቦሊቪያ መጥተው ራ ሁለትን ሠሩ፤ 12 ሜትር ርዝመት ያላት ይህች ጀልባ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ጠጋ ብላችሁ አስተሳሰሯን እዩ። በሁለት ወፋፍራም የደንገል ጥቅሎች መሀል አንድ ቀጭን ጥቅል አለ፤ ገመዱ እየተጠመዘዘ ሦስቱን ያጣብቃቸዋል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ማሰሪያው ይብሱን ይጠብቃል። ባሕር ዳር ታንኳ ከሐይቁ ወጥታ ፀሐይ ላይ ስትደርቅ ያየ ሰው፣ ይህች ሳትደርቅ ሁለት ወር መቆየቷ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጎረቤቱ የፍራም ሙዚየም ነው፤ ኖርዌያዊውን አሳሽ አሙንድሰንን ለደቡብ ዋልታ ጉዞው ወደ አንታርክቲካ ያደረሰችው መርከብ ውስጥ ገብታችሁ እስከ ሆዷ ድረስ መውረድ ትችላላችሁ። ክብ ሆዷ የተሠራው በረዶው ሲጨምቃት እንዳይሰብራት፣ ወደ ላይ እንዲያነሣት ነው። ፎልክ ሙዚየም ውስጥ በ1200 ገደማ የተሠራውን የጎል የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አትለፉ፤ በብርዱ ወራት ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች ከውስጥ ዝግ ናቸው። የቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም ከ2022 ጀምሮ ለግንባታ ተዘግቷልና ከመሄዳችሁ በፊት መከፈቱን አረጋግጡ።

ኦስሎ ፓስ የተባለው የጎብኚዎች ካርድ ሙዚየሞቹንና የከተማውን ትራንስፖርት ይሸፍናል። አንድ ሙዚየም ብቻ ለሚያይ ግን አያዋጣም።

ለመዋኘት ሁክ የተባለው ዳርቻ ሣር፣ ዐለትና ጥቂት አሸዋ አለው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ምልክቶቹን አንብቡ፤ ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ያለው ዳርቻ ያለ ልብስ ለሚዋኙ የተፈቀደ ነው። ፓራዲስቡክታ የተባለው ሌላ ዳርቻ በጫካው መንገድ ቅርብ ነው፤ አሸዋውም ይሻላል። ማታ ለመመለስ አውቶቡስ 30ን ያዙ፤ ጀልባው ቀድሞ ያቆማል።