ታይታኒየሙ አይደለም፣ ማግኔቱ ነው

በዘጠኝ ዓመቴ ከዛፍ ወድቄ ግራ እግሬ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ስብራቱ ጠገገ፤ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ግን ተጎድቶ ስለነበር ግራ እግሬ ከቀኙ 4 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ቀረ። ያደግሁት መርካቶ ያለ ጫማ ሰፊ በግራ ጫማዬ ሥር ወፍራም ሶል እየጨመረልኝ ነው። ሜሪላንድ መኖር ከጀመርሁ ከዓመታት በኋላ ባልቲሞር ውስጥ በቀዶ ሕክምና እግሬን አስረዘምሁ።

የተተከለልኝ ፕሪሳይስ የሚባል የታይታኒየም ዘንግ ነው። የጭን አጥንት ይቆረጥና ዘንጉ በመቅኔው ቦይ ውስጥ ይገባል። በዘንጉ ሆድ ውስጥ ትንሽ ማግኔት አለች። ኃይለኛ ማግኔቶች የሚሽከረከሩበትን መቆጣጠሪያ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው የውስጧም አብራ ትዞራለች፤ ዘንጉም በጥቂቱ ይረዝማል። በቀን አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ በ40 ቀን 4 ሴንቲ ሜትር ሞላ። አጥንት ቀስ ተብሎ ከተሳበ ክፍተቱን በአዲስ አጥንት እንደሚሞላ በ1950ዎቹ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ያሳየው ሐኪሙ ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ነው። የእሱ መሣሪያ ከእግር ውጭ በሽቦ የሚታሰር ቀለበት ነበር፤ የእኔ ከውጭ አይታይም። የኋላ ኋላ ችግር ያመጣብኝም ይኸው አለመታየቱ ነው። የምሽቱን ዙር ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ካለችው እናቴ ጋር በስልክ ምስል እየተያየን ነበር የማደርገው።

የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ አዲስ አበባ ነበር። ማርዘሙ አልቆ መቆጣጠሪያውን መልሼ፣ ራጁ አዲሱ አጥንት መጠንከሩን ካሳየ በኋላ ሐኪሜ እንድበር ፈቀደልኝ። ማርዘሙ ሳያልቅ መብረር ቢኖርብኝ ኖሮ መቆጣጠሪያው ራሱ ጣጣ ነበር። የአየር ጭነት ደንብ ማግኔትነቱ ከ2.1 ሜትር ርቀት የሚለካን ዕቃ እንደ ተራ ሻንጣ አያየውም፤ የአውሮፕላን ኮምፓስ ሊያዛባ ይችላልና።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የአውሮፕላን ማረፊያው የፍተሻ በር ነበር። ዘንጌን ቢያዞርብኝስ? ሐኪሜ በትዕግሥት አስረዳኝ። የብረት መፈለጊያው በር መስኩ ደካማ ነው፤ የውስጧን ማግኔት ለማዞር ግን ኃይለኛ ማግኔት ቆዳዬ ላይ ተጠግቶ መሽከርከር አለበት። እጅ አንሥተው የሚቆሙበት መፈተሻም ሞገዱ ከቆዳ አያልፍም። ዋሽንግተን ደለስ ላይ ገና ሳልገባ ለፈታሹ ነገርሁት፤ በእጁ ዳበሰኝና አለፍሁ። የሐኪም ደብዳቤ ከፍተሻ ነፃ አያደርግም፤ ንግግሩን ብቻ ያሳጥራል። ቦሌ ላይ፣ ስመለስ፣ ተርሚናሉ መግቢያና ወደ ውስጥ ስዘልቅ ሁለት ጊዜ በሩ ጮኸብኝ። ጩኸቱ ምንም አልነበረም። በክራንች ቆሞ ጫማ ማውለቅ ግን ከባድ ነው፤ ወንበር ጠይቁ፣ አይከለክሏችሁም።

በረራው ከ12 ሰዓት በላይ ነው። ከእግር ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም በእግር ሥር ሊረጋ ስለሚችል፣ መተላለፊያው አጠገብ ተቀምጬ በየሰዓቱ እነሣ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቴንም አንቀሳቅስ ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ከመነሣቴ በፊት ሐኪሜን ጠይቄያለሁ። ይህን ከጎረቤት ምክር አትውሰዱት።

ከሰርጉ ሳምንት በኋላ ወገቤን ጠፍሮ ያዘኝ። የሄድሁበት ክሊኒክ ሐኪም ኤምአርአይ አዘዘልኝ። ባለሙያው «በሰውነትህ ውስጥ ብረት አለ?» አለኝ። «ታይታኒየም ነው» አልሁት፣ በልበ ሙሉነት። «ታይታኒየም ችግር የለውም» አለኝ። አልተሳሳተም፤ ተራ የታይታኒየም ሰሌዳና ብሎን ያለባቸው ብዙ ሰዎች ኤምአርአይ ይነሣሉ። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ። የመሣሪያው ካርድ ቤት፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ልብስ ቀይሬ ስወጣ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ልጄ፣ ማታ ማታ በስልክ ስታሳየኝ ማግኔት ነው ያልኸኝ አይደለም እንዴ?»

ላብ አጠመቀኝ። የኤምአርአይ ማሽን ራሱ ግዙፍ ማግኔት ነው። የዘንጌን ማግኔት ሊስበው፣ ሊያዞረው ወይም ኃይሉን ሊያበላሸው ይችላል። እኔ የተሰጠኝ መመሪያ ዘንጉ በአጥንቴ ውስጥ እስካለ ድረስ ኤምአርአይ እንዳልነሣ በግልጽ ይከለክላል፤ አንብቤዋለሁ፣ ፈርሜያለሁ። ስጠየቅ ግን የብረቱን ዓይነት ብቻ ተናገርሁ።

ለባለሙያው ስነግረው ወዲያው ምርመራውን አቆመው። ሐኪሙ ወገቤን በእጁ መረመረ፣ ራጅ አየ፤ አጥንቴ ደህና ነበር። አዲሱን አረማመዴን ያልለመደው ጡንቻዬ ነው የታመመው፤ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ አዘዘልኝ። ራጅና አልትራሳውንድ ዘንጉን አይነኩትም። ሲቲ ስካንም ይቻላል፤ ብረቱ አጠገብ ምስሉ ላይ ጭረት ይጥላል እንጂ።

ያን ቀን ማታ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በግራ ጭን አጥንቴ ውስጥ ማግኔት ያለበት ዘንግ አለ። ኤምአርአይ አይፈቀድም።» የመሣሪያውን ስምና መለያ ቁጥር፣ የተተከለበትን ቀን ከሥሩ ጨመርሁ። አንዱን ቅጂ ከፓስፖርቴ ጋር፣ አንዱን ኪሴ ውስጥ አኖርሁ። ራሴን ስቼ ሆስፒታል ብገባ ማን ይናገርልኛል ብዬ የራጁንም ፎቶ ስልኬ ላይ በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ አስቀመጥሁ። ዘንጉ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠነክር ይወጣል፤ እስከዚያ ወረቀቱ ከእኔ አይለይም። እናቴም አንድ ቅጂ ጠይቃኝ በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አድርጋዋለች።