«ጋሼ፣ ኋላዎ ተከፍቷል»

ይህችን ባለ ሦስት ቃል ዓረፍተ ነገር በ11 ቀን ውስጥ 31 ጊዜ ሰምቻታለሁ። ለ30ዎቹ የሰጠሁት መልስ ምንም አይወጣለትም። ለ31ኛው የሰጠሁት ግን እስካሁን ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

ነገሩ የተጀመረው በአየር ፊልትሮ ነው። ቮልሴ የ1966 እ.ኤ.አ. ምርት፣ 1300 የምትባለዋ ሞዴል ናት፤ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝና አየሩም በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ ከፈረሶቹ ስድስት ያህሉ ገና ከተማ ሳይገቡ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት በምንወጣበት ጊዜ ደግሞ የተረፉት 34ቱም ምን እንደሚሠሩ አይገባኝም። አንድ ቀን በዚሁ ዳገት ላይ ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ቀደመኝ። ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ቢያልፍ በተሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን እጁን አውጥቶ፣ ለአዛውንት እንደሚደረገው፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና አለፈ። በማግስቱ ማልጄ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሄርማታ ሄድኩ።

የሱቁ ልጅ ሦስት ዓይነት ፊልትሮ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ፤ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የስፖንጅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዘይት የጠጣ ጥጥ በሽቦ ወንፊት መካከል ተጣጥፎ የገባበት ነበር። ይህ ሦስተኛው ቀይ ነው፤ አናቱ ደግሞ ፊትህን እንደ መስታወት ያሳይሃል። «ጋሼ፣ ይሄ ከገባላት አሥር ፈረስ ይጨምርላታል» አለኝ። አንድ ሰው አሥር ፈረስ በፌስታል ተጠቅልሎ ሲሰጠው ምን ይላል? ፊልትሮ አየር ያጣራል እንጂ አየር አያወፍርም፤ ስስ አየር በቀይ ጥጥ አልፎ ቢገባም ያው ስስ አየር እንደሆነ ያን ዕለት የነገረኝ የለም፤ ቢነግረኝም አልሰማውም ነበር።

በዚያ ላይ የቮልስ የጥንቱ ፊልትሮ መልኩ አያስመካም፤ ከነክዳኑ ቁጭ ያለ ጥቁር ድስት ነው። ከሥሩ ዘይት ይቀመጥበታል፤ አየሩ ወደ ዘይቱ ወርዶ በድንገት ሽቅብ ሲታጠፍ፣ ከብዶት መታጠፍ ያቃተው አቧራ ዘይቱ ላይ ይቀራል። በቤንዚን አጥቦ እስከ ምልክቱ ድረስ ዘይት መሙላት ብቻ ነው፤ የሚጣል፣ የሚገዛ ነገር የለውም። ለጅማ ቀይ አቧራ ከዚህ የሚሻል እንደሌለ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ እመሰክራለሁ። ያን ዕለት ግን ይህችን የመሰለች መኪና ይህን ያህል ዘመን ድስት አሸክመናት ኖርን ብዬ ከልቤ አዘንኩ።

የቀዩ ፊልትሮ አንገት ከካርቡራተሩ አፍ ስለሰፋ ልጁ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጦ ጠቀለለበትና በካቻቢቴ አጠበቀው። ከሞተሩ የሚወጣው የዘይት ትንፋሽ መግቢያው ድስቱ ላይ ነበር፤ አዲሱ ላይ መግቢያ ስለሌለው ልጁ «እሷ አታስፈልግም» ብሎ ቱቦዋን እንዲሁ አንጠልጥሎ ተዋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ የምትቀመጠው ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን የፊልትሮው ቁመት ነበር፤ የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነውና የኋላው ኮፈን አልዘጋ አለ። ልጁ አንድ ስንዝር ያህል ከፍቶ በሲባጎ አሰረልኝና «እንዲያውም አየር ታገኛለች» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጅማ ሰው ይፍረደኝ። የባጃጅ ሹፌሮች እየጮሁ ነገሩኝ፤ ትራፊክ ፖሊሱ አስቁሞ ነገረኝ፤ ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒ እያጠበች ነገረችኝ፤ አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን አስፋልቱ ላይ ዘርግተው አስቆሙኝና ነገሩኝ። አንድ ተማሪ ከአዌቱ ድልድይ ጀምሮ ደብተሩን እያውለበለበ ሮጦ ደረሰብኝ፤ ሲደርስብኝ ደግሞ ትንፋሽ አጥሮት መናገር ስላቃተው በእጁ አሳየኝ። (በሰፈራችን የፈነዳው የውሃ ቧንቧ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲፈስ ለሚመለከተው ክፍል የነገረ አንድ ሰው አልተገኘም። ለቧንቧው ያልተነፈሰ አፍ ሁሉ ለእኔ ኮፈን ተከፈተ።) ቀስ በቀስ መልሴን እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኩት፤ ሰው አፉን ሳይከድን እመልሳለሁ።

የዕድራችን ስብሰባ እሑድ ነበር፤ የአራት ወሩን ሒሳብ የማቀርበው ደግሞ እኔ ነኝ። ጠዋት ሲባጎውን ላጠብቅ ከቮልሷ ኋላ ቁጢጥ ስል «ጭርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከመነዳሪው የሾለከ መስሎኝ ደንግጬ ፊልትሮውን ነካካሁት፤ ንቅንቅ አይልም። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ስሜ ሲጠራ ከኋላው አግዳሚ ተነሥቼ በመካከል ወደ ጠረጴዛው ሳልፍ፣ አንድ ጨዋ ልጅ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ኋላዎ ተከፍቷል» አለኝ።

እኔም ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ ሌሎቹም ሰምተው ይረፉ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ በማድረግ እንዲህ አልኩት፤ «አውቃለሁ ልጄ፤ ሆን ብዬ ነው። ሲዘጋ ይታፈናል፤ ሙቀቱም አይቻልም። አሁን አየር እያገኘ ነው። ብዙ ሰው ነግሮኛል፤ ጠዋትም በሲባጎ ጠበቅ አድርጌዋለሁ፤ አታስብ።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎረሱት። ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ሰብሳቢያችን ሐጂ ምንም ሳይናገሩ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ያኔ ነው እጄን ወደ ኋላዬ የሰደድኩት፤ ያኔ ነው የጠዋቱ «ጭርር» ምን እንደነበረ የገባኝ።

የአራት ወሩን ሒሳብ ጋቢ አገልድሜ አነበብኩ። ጥያቄ አለ ወይ ሲባል ማንም እጁን አላወጣም፤ እንደዚያ በፍጥነት የጸደቀ ሒሳብ አላስታውስም።

ማታውኑ ድስቱን ፍለጋ ጓሮ ዞርኩ። ክዳኑ ዕቃ ቤት ተገኘ፤ ከሥር ያለውን ግን ባለቤቴ ለዶሮዎቹ የውሃ መጠጫ አድርጋዋለች። ዶሮዎቹን አባርሬ፣ በቤንዚን ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞልቼ በቦታው መለስኩት፤ ቱቦዋንም ሰካኋት። ኮፈኑም ያለ ሲባጎ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ጅሬን ዳገት ላይ ባጃጅ አሁንም ይቀድመኛል።

ጋቢውን አሳጥቤ ስመልስ ሐጂ ተቀበሉኝና ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ «ተዘጋ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ተዘጋ» አልኩ። የቱን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።