ሱሉልታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ንፍሮ ግን አይበስልም
እማዬ ሱሉልታ ከገባን ወዲህ ንፍሮው አልበስል አለ ብላ ከሰሉን ትወቅሳለች፣ ከሰሉ ምን ያርግ፣ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ውሃው 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላና እዛው ይቆማል፣ እሳት ቢጨመር የሚበዛው እንፋሎቱ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን የሚጨምር ፕሬዠር ኩከር ግዙላት፣ አለቀ።

እኔን የሚገርመኝ ግፊቱን ዝም ብለህ እየጨመርክ ብትሄድስ የሚለው ነው። መፍያው ከፍ እያለ ሄዶ 374 ዲግሪ ላይ፣ ግፊቱ የባህር ጠለሉን 218 እጥፍ ገደማ ሲሆን መፍላት የሚባለው ነገር ራሱ ይቀራል! የፈሳሹና የእንፋሎቱ ዴንሲቲ (እፍጋት) እኩል ይሆንና ድንበራቸው ይጠፋል፣ ክሪቲካል ፖይንት ማለት ይሄ ነው። አየርላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ አንድሪውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ያሳየው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ጋዙ እዛ ነጥብ ጋ 31 ዲግሪ ላይ ስለሚደርስ ለሙከራ ይቀላል። ዛሬ ከዛ ነጥብ ባለፈ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቡና ካፌይን ያወጡበታል (ካፌይን የሌለው ቡና ማን እንደሚጠጣ እንጃ)።