ዘሯን ከመጠየቃችሁ በፊት እናቷን እዩ

ሰሞኑን እኛ ብሎክ ቡና ላይ የሚነሳው ወሬ ሁሉ ድመት ሆኗል። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አንዷ ጎረቤታችን ቴሌግራም ላይ አይታ ፐርሺያን የምትባል የፈረንጅ ድመት ገዛች። ለገጣፎ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሰማያዊ ዓይን ያላት፣ ጆሮና እግሯ የጠቆረ ድመት አመጣች፤ ሲያሚዝ ናት ተብላ። የተቀረነው ሰዎች ቤት ያሉት ከደረጃ ሥር፣ ከሥጋ ቤት በር፣ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የተነሱ የሰፈር ድመቶች ናቸው። ክርክሩም ያው ነው፤ የፈረንጅ ድመት ትሻላለች ወይስ የሐበሻ?

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከድመት ጋር ነው ያደግኩት፤ የተጣሉትንም እያነሳሁ፣ አሳድጌ ለሚፈልግ ሰው እሰጣለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ዘሯን ከመጠየቅህ በፊት እናቷን እይ። ለትዳር "እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ" ይባል የለ? ለድመት ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

በመጀመሪያ ዝርያ ምን እንደሆነ እንግባባ። ዝርያ ያላት ድመት ማለት የትውልድ ሐረጓ የተመዘገበ ድመት ናት። እናቷ፣ አባቷ፣ አያቶቿ በድመት አርቢዎች ማኅበር መዝገብ ላይ የሰፈሩላት። ቀለም ብቻውን ዝርያ አይሆንም። የአክስቴ ልጅ ድመት ያላት ዓይነት ቀለም የሚመጣው በሙቀት ሥራውን ከሚያቆም አንድ ቀለም የሚሠራ ኢንዛይም ነው። ሞቃት የሆነው ሆድና ጀርባ ነጣ እንዳለ ይቀራል፣ ቀዝቀዝ የሚሉት ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግርና ጅራት ይጠቁራሉ። ሲወለዱ ሁሉም ነጭ ናቸው። እንደኛ ሰፈር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት በሚሰብርበት ቦታ የምታድግ ደግሞ ጥቁረቷ ይበረታል። ይህ ቀለም ከሰፈር ድመት በተዳቀሉትም ላይ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሻጩ "ኦሪጅናል ናት" ሲላችሁ ወረቀቷ የታለ በሉት። ጎረቤቴ ፐርሺያኗን ስትገዛ ወረቀት ቀርቶ የእናቲቱን ፎቶ እንኳ የሚያሳያት አላገኘችም።

ደግሞ እኛ በስሙ የምንኮራበት ዝርያ አለ፤ አቢሲኒያን። ቀጠን ያለች፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ እያንዳንዱ ጸጉሯ በደማቅና በፈዛዛ ቀለም የተቆራረጠ፣ ከሩቅ ስትታይ ጥንቸል የመሰለ ቆዳ ያላት ቆንጆ ድመት ናት። ታሪኩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) ከመቅደላ ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደች ተጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1874 በታተመ መጽሐፍም ሥዕሏ ወጣ። ዙላ ደግሞ ያ ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ነገር ግን ላይደን፣ ኔዘርላንድ ባለው ሙዚየም ከመቅደላ ዘመቻ 30 ዓመት ያህል ቀድማ የገባች፣ የህንድ ተብላ የተመዘገበች እንዲህ ያለች ድመት አለች። ዛሬ ያለውን ዝርያ የመረመሩ የዘረ መል ጥናቶችም የሚያመለክቱት ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ስማችንን ተሸክማ ዓለምን የዞረችው ድመት እንግዲህ የእኛ አይደለችም ማለት ነው። የእኛዋ ደረጃ ሥር ተኝታለች። የቤት ድመት ሁሉ የመጣው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ያቺ የዱር ድመት እስከ ዛሬ በአገራችን ትኖራለች። በድመት ውድድርና በመዝገብ የሚታወቁት አብዛኞቹ ዝርያዎች ግን ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1871 ከተደረገው ትልቅ የድመት ትርኢት ወዲህ የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ የሰፈር ድመትን "ዘር የላትም" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም ነው የሚከፋኝ።

አሁን ወደ ጤናው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ፐርሺያን ፊቷ ጠፍጣፋ እንዲሆን ተመርጣ የተራባች ናት። አፍንጫዋ ስላጠረ መተንፈስ ይከብዳታል፣ የዓይኗ እንባ መውረጃም ስለተጣመመ ዓይኗ ሁልጊዜ ያነባል። እኛ ሰፈር ደግሞ አቧራ ነው። ጎረቤቴ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በለብ ያለ ውኃና በጥጥ ዓይኗን ትጠርግላታለች፣ ጸጉሯን ታበጥርላታለች፣ አንድ ቀን ካለፈ ይቋጠራል። ከዚህ የባሰው ግን የማይታየው ነው። ኩላሊት ላይ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች እያበዛ ቀስ በቀስ የሚገድል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ምርመራው ከመገኘቱ በፊት ከ3 ፐርሺያኖች 1 ያህሏ ይህ በሽታ ነበረባት። ከእናትና ከአባት በአንዱ በኩል ብቻ መምጣቱ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘረ መሉ ተለይቷል፤ ስለዚህ ዛሬ እናቲቱን ሳያስመረምር የሚያራባ ሰው ማወቅ ስላልፈለገ ነው።

ቲክቶክ ላይ የምታዩዋት ጆሮዋ የታጠፈች፣ እንደ ሰው እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥ ድመትስ? ስኮቲሽ ፎልድ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ከተገኘች አንዲት ነጭ ድመት የመጣች ናት። ጆሮዋን ያጠፈው ጉድለት የቅርጫጭት፣ ማለትም የለስላሳው አጥንት ጉድለት ነው፤ ቅርጫጭት ደግሞ መላ ሰውነቷ ውስጥ አለ። መገጣጠሚያዋ ይደርቃል፣ ያማታል። እንደዚያ የምትቀመጠው ብዙ ጊዜ እግሯን ማጠፍ ስለሚያማት ነው። እባካችሁ ይህን ቪዲዮ ስታጋሩ አስቡበት፣ ፈላጊ በበዛ ቁጥር አርቢው ይበዛል።

ይህን ስል ግን ዝርያ ሁሉ በሽተኛ ነው እያልኩ አይደለም። እንግሊዝ አገር የእንስሳት ክሊኒክ መዝገቦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ጸጉር አልባዋ ስፊንክስ በአማካይ 7 ዓመት እንኳ እንደማትሞላ ሲያሳይ፣ በርሚዝ የምትባለው ዝርያ ግን ከ14 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ከተዳቀሉትም ትበልጣለች። "የሐበሻ ድመት አትታመምም" የሚለውም ትክክል አይደለም። ደካሞቹ ሳናያቸው ነው የሚሞቱት። ከአንድ ማሕፀን ከወጡት ውስጥ ሁለቱ በጉንፋንና በተቅማጥ ሲያልቁ የተረፈችውን አይተን "ጠንካራ ናት" እንላለን። ለሞቱትም ሐኪም ይገባቸው ነበር።

ጠባይን በተመለከተ ቡና ላይ የሚባለው ፐርሺያን ረጋ ያለች ናት፣ ሲያሚዝ ወሬ ታበዛለች፣ የሰፈሯ ደግሞ አውሬ ናት ነው። እውነት አለው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 5,700 በሚሆኑ ድመቶች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በጠባይ ላይ ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ በዘር የሚወረስ ነው። ግን ግማሹ ነው! ሌላውን ግማሽ የሚሠራው አስተዳደግ ነው፤ በተለይ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ የነካት፣ የልጅ ጩኸት የለመደች፣ እናቷ ሰው የማትፈራላት ድመት ዕድሜ ልኳን ሰው ትወዳለች።

እኔ ቤት ያሉት ሁለቱ ለዚህ ምስክር ናቸው። ሁለቱም የሰፈር ድመቶች ናቸው። ቡሬዋ የተወለደችው ጥበቃው ቤት ውስጥ ነው፤ የጥበቃው ልጆች ሲያቅፏት፣ ሲያጫውቷት አድጋ እኔ ጋ በ3 ወሯ መጣች። እንግዳ ሲገባ ጭኑ ላይ ትወጣለች። ግራጫው ግን ትልቅ ከሆነ በኋላ ነው ከቱቦ ውስጥ ያወጣነው። ስንት ጊዜ አብሮኝ ኖሮ አሁንም በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ነው። እወደዋለሁ፣ እንደዚያው እንዲኖር ትቼዋለሁ፤ ሰው የማይነካ ድመትም ቤት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልጆች ያሉት ሰው መጥቶ "የሰፈር ድመት ስጪኝ" ሲለኝ ሁለቱን አንድ አድርጌ አላየውም።

ለዚህ ነው በአንድ ወሯ ከእናቷ ነጥለው የሚሸጧትን ድመት አትግዙ የምለው፣ ፐርሺያንም ብትሆን። ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ቢቻል 12 ሳምንት ከእናቷ ጋር ትቆይ። ንክሻዋን መመጠን የምትማረው ከእናቷና ከወንድም እህቶቿ ነው።

ምግብ ላይ ደግሞ ዝርያ ያላትም የሌላትም እኩል ይጎዳሉ። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። እንጀራ ውስጥ የለም፣ ሽሮ ውስጥ የለም። ወጥ የነካው እንጀራ ሲሰጣት ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ ደሟን ያበላሻል። ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ ውድ ነው፤ አብዛኞቻችን ከሥጋ ቤት ሳንባና ቁርጥራጭ ነው የምንገዛው፣ ቀቅዬ ነው የምሰጠው። ጭንቁ ሁዳዴ ላይ ነው። 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥም የፍስክ ነገር አይገባም። ጎረቤታችን ያሉ እናት "እሷም ከኛ ጋር ትጹም እንጂ ልጄ" ብለውኝ ነበር። "እማማ፣ እርስዎ ለነፍስዎ ይጾማሉ፣ እሷ ግን ትታወርብዎታለች" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከቅበላ በፊት ሳንባ ገዝተው ፍሪጅ ያስቀምጡላታል፣ ሲያልቅ ዓሣ ይገዙላታል። በጣም ነው ያስደሰቱኝ።

ውጭ የምትወጣ ድመት በእኛ ዳርቻ ሰፈር ጅብም ውሻም አለባት፣ ማታ አስገቧት። የአይጥ መርዝ ግን ከሁሉም ይከፋል፤ መርዝ የበላች አይጥ የያዘች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች። ድመት ያለበት ብሎክ መርዝ እንዳይበተን ጎረቤትን አስቀድሞ ማነጋገር ይበጃል። ትኩሳት አላት ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ፣ ግማሽ ክኒን ይገድላታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በ3 ወሯ አስወጉ። ለመጸዳጃ ሰጋቱራ በሳፋ ይበቃል፣ በየቀኑ ከተቀየረ አይሸትም።

ፐርሺያን ያላት ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ደንግጣ "ልመልሳት ታዲያ?" አለችኝ። "በፍጹም! አሁን ያንቺ ናት፣ ኩላሊቷን አልትራሳውንድ አስነሺላት፣ ዓይኗን መጥረግሽን ቀጥይ" አልኳት። ድመቷ ምን በደለች። የመረጣት ሰው ነው፣ ፊቷንም እንዲህ ያደረገው ሰው ነው። የማልፈልገው ከዚያው ሻጭ ሁለተኛ እንድትገዛ ነው።

አሁን ከብሎካችን ጀርባ አንዲት ዥጉርጉር ድመት አራት ልጆች ወልዳለች። ሰው አትፈራም፣ ልጆቿን ሳነሳ ዝም ብላ ታየኛለች። ልጆቹ ዓይናቸውን ገልጠዋል፣ በየቀኑ እየያዝን እያለማመድናቸው ነው። 12 ሳምንት ሲሞላቸው እንሰጣቸዋለን። የሚወስድ ሰው መጀመሪያ መጥቶ እናቲቱን ያያል። ሴቶቹን የሚወስድ ደግሞ 6 ወር ሳይሞላቸው ሊያስመክናቸው ይስማማል፤ ድመት በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ልትወልድ ትችላለች፣ እኛ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ቤት ማግኘት አቅቶናል። እናቲቱን እኛው በመዋጮ እናስመክናታለን፣ ብር ማሰባሰብ ጀምረናል።