የጥቀርሻው ቦታ

እናቴ አስፋልቱን አሁንም «ባቡር መንገድ» ነው የምትለው። እውነተኛ ባቡር ግን አይታ አታውቅም። እህቴ ከጀርመን የላከችልኝን ሞዴል የእንፋሎት ባቡር ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ከኔ እኩል ጓጓች።

ሎኮሞቲቩ መዳፌ ላይ ይቀመጣል። ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የሃዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ስታባዙት 1,435 አካባቢ ይመጣል። በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው ሃዲድ ልኩ ይኸው ነው! በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲው መስመር የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። የኮምቦልቻው ግን ለኤሌክትሪክ ባቡር የተሠራ ነው። ጭስ የሚተፋው ደሴ ሳይደርስ ዘመኑ አለፈ። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል።

ዕቃው ሲመጣ እንደ መጫወቻ ያብረቀርቅ ነበር። በቦይለሩ፣ ውሃው በሚፈላበት በርሜል፣ ጎን ያለው የእጅ መያዣ ብረት ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው፤ ጣት አያስገባም። በምላጭ ቀስ እያልኩ ላጥኩት። ሥራዬ ሞባይል ጥገና ስለሆነ ማጉያውም ፒንሳውም አለኝ። እውነተኛው ብረት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ በሞዴሉ ልክ 0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከተቃጠለ ቻርጀር ውስጥ የፈታሁት የመዳብ ሽቦ ልክክ አለ። ቀዳዳውን በቀጭን የድሪል ፑንታ በእጄ እያዞርኩ በሳሁ። ማሽን ቢነካው ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ከኋላ የተቀረጸውን የውሸት ከሰልም አወጣሁ። የምድጃችንን ከሰል ፈጭቼ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ አጣበቅኩ። ሃዲዱ ላይ እንዳይንሸራተት ደግሞ ጎሚስታ ሰፈር ሄጄ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈውን እርሳስ ለምኜ ሆዱ ውስጥ ከተትኩ። የሚነዳው በ12 ቮልት ነው፤ የሱቄ ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል።

ያዘንኩት በመስኮቱ ነው። በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። በነጋታው መስታወቱ ጉም የገባበት መሰለ። ትነቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እናቴ «አብሽር፣ ሌላ ይገኛል» አለችኝ። እውነትም ከብስኩት ማሸጊያ የቆረጥኩት ፕላስቲክ ከፊተኛው የተሻለ ሆነ። አሁን የማጣብቀው በነጭ ኮላ ነው።

ልቤን የወሰደው ግን ማቆሸሹ ነው። እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። «አዲስ ዕቃ ጥላሸት ይቀባል እንዴ ልጄ?» አለች። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ነገርኳት። እሳቱ ቦይለሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል። እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ ዘንጉን፤ ዘንጉ ጎማውን። የተረፈው እንፋሎት ከጭሱ ጋር በጭስ ማውጫው ይወጣል። እሷም ቀና ብላ የማድ ቤቱን ጣሪያ አሳየችኝ። ጥቀርሻው ከምድጃው በላይ ወፍራም ነው፤ ወደ በሩ እየሳሳ ይሄዳል። «ዝም ብሎ አይጠቁርም» አለች።

በዚህ አስተያየቷ ሥራዬ ተለወጠ። ሁሉንም እኩል ማጥቆሬን ተውኩ። የድስት ጥላሸት በደረቅ ብሩሽ ከጭስ ማውጫው ጀምሬ እያሳሳሁ ወደ ኋላ ወሰድኩ። ጥቂቱን በአልኮል በጥብጬ ጎን ለጎን አፈሰስኩ። አልኮሉ ሲተን ጥቁሩ ስንጥቅ ስንጥቁ ውስጥ ቀረ። ዘንጎቹን የዘይት ወዝ ሰጠኋቸው። ከታች የባቲን መንገድ አቧራ በሻሽ ነፍቼ በተንኩ። ጎማው ሃዲዱን የሚነካበትን ቦታ ግን ንጹህ አድርጌ ተውኩት፤ ኤሌክትሪኩ የሚገባው በዚያ ነው።

ሴፍቲ ቫልቩ ሥር ነጭ መስመር ሳብኩ፤ እንፋሎት ሲያመልጥ ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ የሚተወው ምልክት ነው። ጸጉር በሚያክል ቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሼን ይዤ። እናቴ አጎንብሳ አየችውና «የኛ ማንቆርቆሪያ!» አለች። ሳልነግራት።

አሁን የቀረው የፊት መብራቱ ነው። ከአሮጌ ሞባይል ያወጣኋት ኤልኢዲ በጣም ነጭ ሆነችብኝ። የዘይት መብራት እንድትመስል ብጫ ቀለም እየሞከርኩ ነው። ሦስተኛው ቅብ ትናንት ማታ ደረቀ። አሁንም ትንሽ ይቀረዋል።