ለስኩተሬ የሚስማማ ሞተር ፍለጋ

ከሁለት ዓመት በላይ ወደ ሥራ ያመላለሰችኝ 125 ሲሲ ቻይና ሠራሽ ስኩተሬ፣ ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሯ ደርቆ ቆመች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሞተር የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ መጉደሉን የሚያስታውቅ መብራትም ስኩተሬ ላይ ስለሌለ የዘይት መለኪያውን በየጊዜው እያወጡ ማየት ግድ ነው። እኔ ግን ለሳምንታት አላየሁም ነበር።

መካኒኩ ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን ሲያነሳው ሲሊንደሩ ተፋፍቆ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች የሆኑት ፋሻዎችም ተሰባብረው አገኘናቸው። ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ቢየላ ይወዛወዛል፣ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታም ተበልቷል። «አንተ ልጅ፣ ለዚህ ከምታወጣው ገንዘብ ሙሉ ሞተር ብትፈልግ ይሻልሃል» አለኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ በማግስቱ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች ቀን የሠራሁትን ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ስለምፈልግ ነው። «የ125 ስኩተር ሞተር» ብዬ ጠየቅሁ፤ የ125 ስኩተር ሞተር ተሰጠኝ፤ ገዝቼ መጣሁ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ ጥያቄዬ ግን ጎደሎ ነበር። የተለመደው ሞተር ሳይክል ላይ ሞተሩ በሻንሲው መሀል ታስሮ የኋላ ጎማው ራሱን በቻለ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ስኩተር ላይ ግን ሞተሩ፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ቀበቶ፣ የቺንጊያው ቤትና የኋላ ጎማው አክስል አንድ አካል ሆነው፣ ከፊት በአንድ ረጅም ብሎን፣ ከኋላ ደግሞ ንጠቱን በሚያለዝበው አሞርዛተር ተይዘው አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ስለዚህ ሞተር ለወጥን ማለት የስኩተሩን የኋላ ክፍል በሙሉ ለወጥን ማለት ነው፤ ርዝመቱ ካልገጠመ ሞተሩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን አይረባም።

እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የፊተኛው ብሎን ያለ ችግር ገባ፤ ጎማው ግን ወደ ኋላ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሸሽቶ የአሞርዛተሩ የታችኛው ማሰሪያ ከቦታው ወጣ፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታም አልገጥም አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሮቹን ማንበብ የተማርኩት። በገበያ ላይ የሚገኙት የቻይና ስኩተሮች አብዛኞቹ ጂ ዋይ 6 የሚባለውን የሞተር ቤተሰብ ይጠቀማሉ፤ መሠረቱ የሆንዳ ንድፍ ሲሆን የታይዋኑ ኪምኮ አሳድጎት ብዙ ፋብሪካዎች ቀድተውታል። የሞተሩ ዓይነት በግራ በኩል፣ በመቆሚያው አጠገብ ባለው የብረት አካል ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የእኔው «152 ኪው ኤም አይ» ይላል። የመጀመሪያዋ 1 ባለ አንድ ሲሊንደር መሆኑን፣ 52 የሲሊንደሩን ውስጣዊ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ኪው በማራገቢያ አየር የሚቀዘቅዝ መሆኑን፣ ኤም የሞተር ሳይክል መሆኑን፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ የመጠን ደረጃውን ያመለክታሉ። «157 ኪው ኤም ጄ» የ150 ሲሲው፣ «139 ኪው ኤም ቢ» የ50 ሲሲው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጽሕፈት ስለ ሞተሩ ርዝመት አንዳች አይነግረንም፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

ርዝመቱን የሚነግረን ቺንጊያው ነው። በጀርባው ላይ ሦስት ቁጥሮች ታትመዋል፤ የእኔው 743-20-30 ይላል፤ ርዝመቱ 743 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱ ጎኖቹ በመካከላቸው የሚሠሩት ማዕዘን 30 ዲግሪ ማለት ነው። ተሳስቼ የገዛሁት ሞተር ቺንጊያ ግን 842 ነበር። ቺንጊያ ሄዶ የሚመለስ ነገር ስለሆነ የ99 ሚሊ ሜትር ልዩነት በሞተሩ ርዝመት ላይ ግማሹ ይሆናል፤ ያ የሸሸው አምስት ሴንቲ ሜትር ከዚህ የመጣ ነው። ረጅሙ የቺንጊያ ቤት ብዙ ጊዜ ጎማቸው ሰፋ ያለ ዙሪያ ላላቸው ስኩተሮች የተሠራ ነው። ቺንጊያው የተቆረጠበት ወይም ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ከፊተኛው ብሎን መሀል እስከ አክስሉ መሀል በሜትር ለክቶ መያዝ ይችላል። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ፤ ከዚህም ጋር የፊተኛውን ማሰሪያ ስፋት፣ የአክስሉን ርዝመት፣ አሞርዛተሩ አንድ ወይም ሁለት መሆኑን፣ የኋላ ፍሬኑም የዲስክ ወይም የታምቡር መሆኑን በወረቀት ጻፍኩ። ያልተገጠመውንና ዘይት ያልገባበትን ሞተር ሻጩ በመልካም ፈቃዱ ተቀብሎኝ፣ ጥቂት ብር ጨምሬ ባለ 743 ቺንጊያ በሆነው አጭር ሞተር ለወጥኩት።

እዚያው የ150 ሲሲውም ቀርቦልኝ ነበር፤ ፈታኝም ነበር። ሁለቱ ሞተሮች ፒስተኑ የሚጓዝበት ርቀት አንድ ነው፣ 57.8 ሚሊ ሜትር፤ የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት፣ 52.4 ወይም 57.4 በመሆን ነው። ከውጭ ስለሚመሳሰሉ ይገጥማል፣ ዳገቱንም ያቀልልኛል። ሆኖም ሊብሬዬ ላይ የሰፈረው 125 ነው። የሞተር ቁጥሩም እዚያው ስለሚሰፍር፣ ሞተር የለወጠ ሰው ቁጥሩን ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ በዚያ ላይ የመጠን ለውጥ መጨመር አልፈለግሁም። የግዢ ሰነድ የሌለውን ሞተርም፣ ዋጋው ቢረክስ እንኳ፣ አልነካም ብዬ ቆረጥኩ። ያ ሞተር ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከሰው የተሰረቀ ንብረት ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ከገጠመ በኋላ የቀረው ኤሌክትሪኩ ነበር፤ ግማሽ ቀን የፈጀብንም እሱ ነው። ሲዲአይ የሚባለው የእሳት መቆጣጠሪያ ሁለት ዓይነት አለው፦ አንዱ ኃይሉን በቀጥታ ከዲናሞው ጥቅል ሽቦ ያገኛል፣ ሌላው ከባትሪ። የስኩተሬ ገመድ ለመጀመሪያው የተሠራ ሲሆን በአዲሱ ሞተር ላይ ያለው ዲናሞ ግን ለሁለተኛው ነው፤ የማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ግን እሳት አይሰጥም። መካኒኩ ገመዱን ከመቆራረጥ ይልቅ የድሮውን ዲናሞ ከነማግኔቱ ነቅሎ ወደ አዲሱ አዛወረው፤ ያን ጊዜ እሳቱ መጣ። ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተርም የድሮውን መለስን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውንም ያጠቁራል። የድሮው ግን ለዚህ ከፍታ በሚሆን አነስ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ ተስተካክሎ የቆየ ነበር።

ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ሳላስጨንቀው ነዳሁና ዘይቱን ቀየርኩ፤ የኋላ ጎማውን የሚያዞሩትን የማርሽ ጥርሶች ዘይትም፣ ቤቱ ለብቻው ስለሆነ፣ አብሬ ቀየርኩ። አሁን ዘይት የማየው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስኩተሯ ቀጥ ብላ ቆማ ነው። ቁጥሮቹን ሁሉ፣ 152 ኪው ኤም አይ፣ 743-20-30፣ የማሰሪያውን ስፋትና የዲናሞውን ዓይነት፣ በማይለቅ ቀለም ከመቀመጫው በታች ባለው ክዳን ላይ ጽፌያቸዋለሁ።