ቤቱን የመረጥኩት እኔ፣ የምትውልበት እሷ

ሥራዬ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ትልቋ ልጃችን ሦስት ዓመት ተኩሏ ነበር። ትንሹ ገና የአምስት ወር ጨቅላ። ባለቤቴ ሕፃን ታቅፋ ለቤት ፍለጋ መንከራተት ስለማትችል ብቻዬን ቀድሜ ሄድኩ። የነበረኝ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። አምስት ቤት አየሁ። አምስተኛው ጋ ስደርስ ልቤ እዚያው ቀረ። ሦስት መኝታ ቤት፣ ብርሃን የሞላው ሳሎን፣ ከጀርባ ሣር የለበሰ ግቢ። ሰፈሩ ጭር ያለ ነው። ከወፍ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። «በጣም ደስ ይላል» አለችኝ። ማታውኑ ውል ፈረምኩ።

እዚያ ቤት የቆየነው 14 ወር ነው። ከዚያ ጓዛችንን እንደገና ጠቅልለን ሌላ ሰፈር ገባን። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከተማ ልትቀይሩ ከሆነ፣ እኔ ዘግይቼ ያወቅኩትን እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት ብታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ያ ጭርታ ለካ የእሑድ ጭርታ ነበር። ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በራችን ላይ ያለው መንገድ የአቋራጭ ፈላጊ መኪና መተላለፊያ ሆነ። ዋናው ጎዳና ሲዘጋጋ ሁሉም በእኛ በኩል ይሾልካል። የእግረኛ መንገዱ ከበራችን ተነስቶ 60 እርምጃ ያህል ይሄድና ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው አስፋልት ላይ መውረድ አለበት። ደላላው «400 ሜትር ብቻ» ያለኝ የልጆች መጫወቻም እውነትም 400 ሜትር ላይ ነው። ግን በመሃል ባለ አራት መስመር መንገድ አለ፤ ዜብራ የለውም።

አንድ ጠዋት እረፍት ወስጄ አብሬያቸው ወጣሁ። ባለቤቴ በአንድ እጇ ጋሪውን ይዛለች። ልጄ የጋሪውን ብረት ጨብጣለች፤ እንደዚያ እንድታደርግ ተነግሯታል። መንገዱ ዳር ቆምን። መኪናው አይቋረጥም። አንዱ ሲያልፍ ነፋሱ የልጄን ቀሚስ ያርገበግበዋል፤ እሷም ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። አራት ደቂቃ ያህል ቆምን። ባለቤቴ «በቃ እንመለስ» አለች። ልጄ አላለቀሰችም። መመለስ ለምዳለች ማለት ነው። ያን ቀን ያላለቀሰችው አሁንም ድረስ ያመኛል።

የእኔ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቤቱን ያየሁ ዕለት እሑድ ስለነበር ከቤት እስከ ሥራ ቦታ 25 ደቂቃ ፈጀብኝ። በሥራ ቀን 55 ሆነ። ግማሽ ሰዓት ምን አላት ብዬ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በመሄጃ 30፣ በመመለሻ 30፣ በቀን አንድ ሰዓት። በዓመት 230 የሥራ ቀን ካለ 230 ሰዓት ነው። ሌትና ቀን ሳይቋረጥ ዘጠኝ ቀን ተኩል ማለት ነው። የከፋው ደግሞ ሰዓቱ የትኛው እንደሆነ ነው። ልጆቼ እራት በልተው ከመተኛታቸው በፊት ያለው ያ አንድ ሰዓት። እኔ ስደርስ ትንሹ ተኝቷል፣ ትልቋ ዓይኗን እያሸች ነው።

ሰፊ ቤት ይክሰኛል ብዬ ነበር የማስበው። ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትሰር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በጀርመን ቤተሰቦች መረጃ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጉዳይ ይነካል። ሰው ረጅም መንገድ የሚመላለሰው በተሻለ ቤት ወይም በተሻለ ደመወዝ ይካስበታል ተብሎ ይታሰባል። እነሱ ያገኙት ግን መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ እንደሚቀንስ ነው። ካሳው አይሞላም። እኔም በራሴ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሣሩን ያየሁት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር።

ነገሩን ያበቃው ግን መንገዱ አይደለም። አንድ ማታ ባለቤቴ የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ዛሬ ካንተ በቀር ያናገርኩት ትልቅ ሰው የለም» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ትናንትም» አለች። እየወቀሰችኝ አልነበረም። የሆነውን ነበር የነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሰፈርና ስለ ጉርብትና ማንበብ የጀመርኩት። ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል የከተማ ንድፍ ምሁር ከባልደረባው ጋር ሆኖ በሳን ፍራንሲስኮ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ሦስት ጎዳናዎችን አጥንቶ ነበር። ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዋናው ልዩነታቸው የመኪናው ብዛት ነበር። በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት ጎዳና የሚኖር ሰው በአማካይ ሦስት ወዳጆች በዚያው ጎዳና ላይ ነበሩት። 16,000 ያህል በሚያልፍበት ጎዳና ግን አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ሳነብ ከፊታችን ያለው ቤት ትዝ አለኝ። እዚያም ልጅ ነበር። በ14 ወር ውስጥ ስሙን አላወቅንም። መንገዱ እንደ ግንብ መሃላችን ቆሞ ነበር።

ለሁለተኛው ፍለጋ ወደ ደላላ ከመሄዳችን በፊት ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። እኔ የእኔን ውሎ ጻፍኩ፣ እሷ የእሷን። ከቤት የምንወጣበትን እያንዳንዱን ጊዜ ቆጠርን። የእኔ ሁለት ነው፤ መሄድና መመለስ። የእሷ በተራ ቀን አምስት ወይም ስድስት። ልጅ ማድረስ፣ ልጅ ማምጣት፣ መደብር፣ ፋርማሲ፣ ከሰዓት መጫወቻ ቦታ። የፊተኛውን ቤት የመረጥኩት የእኔን ሁለት ጉዞ እንኳ በቅጡ ሳልቆጥር ነው። የእሷን ስድስቱን ጭራሽ አላሰብኳቸውም። ከጻፈቻቸው ነገሮች ውስጥ እኔ በሕልሜም የማላስባቸው ነበሩ። «ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር» የሚል አለ። «ጠዋት ክፍት የሆነ፣ ከልጅ ጋር የሚገባበት ቦታ» የሚል አለ። የመጨረሻው መስመር «ሰው» ይላል። በቃ፣ ሰው።

ሦስት ሰፈር መረጥን። ቤት ለማየት አልቸኮልንም። በመጀመሪያ በእግራችን ሄድን፤ በሥራ ቀን ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበት ሰዓት፣ ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ፣ እና ማታ። ቢቻል አንድ ጊዜ በዝናብ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከልጅ ጋር። ካርታው ከአንዱ ቤት እስከ መዋለ ሕፃናቱ 7 ደቂቃ ይላል። ከልጄ ጋር 22 ደቂቃ ፈጀብን። ጉንዳን አየች፣ ጫማዋ ወለቀ፣ እቀፈኝ አለች፣ ደግሞ አውርደኝ አለች። የካርታው ደቂቃ የትልቅ ሰው ደቂቃ ነው። ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት።

ስትሄዱ የመኪናውን ፍጥነት ልብ በሉ፤ ብዛቱን ብቻ አይደለም። ድንገት ልጅ ዘልሎ ቢገባ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። 50 የሚነዳው ግን እዚያው ቦታ ሲደርስ ገና ፍሬን መርገጥ መጀመሩ ነው፤ ነቅቶ እግሩን እስኪያነሳ ባለችው አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ከቆመ መኪና ጀርባ ጭራሽ አትታይም። ስለዚህ መንገዱ ጠባብ ነው ወይ፣ የፍጥነት መቀነሻ አለው ወይ፣ መኪናው የሚገባው እዚያ ለሚኖር ሰው ነው ወይስ ለአላፊ? ይህን መንገዱ ዳር 15 ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበቃል።

አንዱን ሰፈር የጣልነው በዝናቡ ቀን ነው። በጣም ያምራል፣ ኪራዩም ቀለል ያለ ነው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። አጥሮቹ ላይ ጉልበት ድረስ ቡኒ መስመር አየሁ። በር ላይ ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠየቅኩ። «ውኃ ነው፤ ሁለቴ ገብቶብናል» አሉኝ። ሊከራይ የሚመጣው ሰው ይህን የሚጠይቅ አይመስላቸውም ነበር። ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለው አባባል አያዘናጋችሁ። በየ100 ዓመቱ አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። 30 ዓመት በሚቆይ የቤት ብድር ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል። ከአራት አንድ በላይ ነው።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ደላላውን አትጠይቁ፤ ራሱን ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ለአንዱ ቤት «በዚያ ትምህርት ቤት የቅበላ ክልል ውስጥ ነው» ተብለን ነበር። ደውለን ስንጠይቅ ድንበሩ በመንገዱ መሃል ያልፋል፤ ቤቱ ያለው በማዶ ነው። የመዋለ ሕፃናት ተራም እንደዚያው ነው። ለትንሹ የስምንት ወር ወረፋ ነበረው። ቤት ሳናገኝ ነው ያስመዘገብነው፤ ደግ አደረግን።

ሰው መጠየቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ይፈልጋል። «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ካልክ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይልሃል። ባለቤቴ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት፦ «ልጅ ሌሊት ሲያተኩሰው የት ትወስዱታላችሁ?» ለዚህ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ የለም። በሦስተኛው ሰፈር መጫወቻ ቦታ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት። ይህንኑ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የክሊኒኩን መንገድ፣ ሌሊት የሚከፍተውን ፋርማሲ፣ ባሏ በሌለበት አንድ ቀን ልጇን ያደረሰላትን ጎረቤት ሁሉ ነገረቻት። እኔ ከልጄ ጋር መንሸራተቻው ጋ ነበርኩ። ሰዓቴን ሳይ 40 ደቂቃ አልፏል። ባለቤቴ ያን ያህል ስታወራ ካየኋት ቆይቻለሁ። ምርጫው እዚያ አለቀ ብል ይቀለኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን ወዲያው አላለቀም። እኔ ለሥራዬ የሚቀርበውን ሌላኛውን ሰፈር ነበር የምፈልገው፤ ከዚህኛው በ10 ደቂቃ ያንሳል። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ወረቀቱን መልሰን አወጣነው። ሁለት ጉዞ በአንድ ወገን፣ ስድስት በሌላ ወገን። ተቀበልኩ። ሥራዬ 35 ደቂቃ ላይ ነው፤ ባቡርም ስላለ እያነበብኩ እሄዳለሁ።

ቤቱ ያነሰ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ግቢ የለውም። ልጆቹ አንድ ክፍል ይጋራሉ። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር፤ አንዱ ሲነቃ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ሌሊቱን ተራ ገብተን ነው ያሳለፍነው። ይህን የምነግራችሁ ሰፈር ስትመርጡ የምታጡት ነገር እንዳለ እንድታውቁ ነው። ውሉን ለስድስት ወር ብቻ ነው ያደረግነው። የመጀመሪያውንም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ። ባላወቅከው ከተማ የረጅም ጊዜ ውል መፈረም ዓይን ጨፍኖ መግባት ነው። መግዛትማ ይቅር።

ለልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ መነቀል ቀላል አይደለም። ከመጀመሪያው ቤት ስንወጣ ልጄ «በራችን ብቻውን ቀረ» እያለች ለሳምንታት ስትጨነቅ ነበር። ባንዛወር አይባልም፤ ግን መጀመሪያውኑ በትክክል ብመርጥ አንዱ ይቀርላት ነበር። ለሁለተኛው ገና ሳንገባ ሦስት ጊዜ ወሰድናት። መንገድ ላይ አንድ የተቆረጠ የዛፍ ግንድ አገኘች። «ይሄ የኔ ወንበር ነው» አለች። ጓዝ ባወረድንበት ቀን ሰው ሁሉ ካርቶን ሲሸከም እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ግንዱ ነው።

አሁን እዚህ አሥር ወር ሆነን። ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ሆኜ ለባለቤቴ ስደውል ድምፅዋ ከነፋስ ጋር ይመጣል፤ ውጭ ናት። ልጆቹስ አልኳት። «ጎረቤት ጋ ትቻቸው ነው፣ ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ ብዬ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ገባች።